አሥር ሳንቲሜትር

ጊደሯ ጠጠር ከንጋት ጀምሮ ከመንጋው ተለይታ ቆማለች። ጅራቷን ከፍ፣ ጀርባዋን ጎበጥ አድርጋ፣ በፊት እግሮቿ ተራ በተራ መሬቱን ትረግጣለች። ግርግሙ ውስጥ የተደረገላት ድርቆሽ እንዳለ ነው፤ አንዲት ዘለላ አልቀመሰችም።

ወይዘሮ ደብተር ይህን አይታለች። አይታም አልደነገጠችም። የወተት ቢዶኖቹን በሙቅ ውሃ እያጠበች፣ በተከፈተው የወጥ ቤት በር ወደ በረቱ ዓይኗን ጣል እያደረገች፣ «ልትወልድ ነው፤ ትልቅ ናት፣ ትችለዋለች» ብላ ሥራዋን ቀጥላለች።

እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ከባሏ በቀር ግን የሚጠራው የለም። ጊደሮቹን ከተረከበች ወዲህ ያለ ደብተር አትናገርም፤ እንደምን አደርሽ ቢሏት እንኳ ገጽ ገልጣ ነው የምትመልሰው እየተባለ ይቀለዳል። ስሙን ያወጣላት ባለሞተሩ ነው፤ በሞተር ሳይክል ከበረት በረት እየዞረ ላሞች የሚያዳቅለው ሰው። አንድ ቀን በሩን አንኳኩቶ «ወይዘሮ ደብተር አለች?» ሲል፣ እሷው «አለች» ብላ ከፈተችለት። ስሙ ያኔ ጸደቀ።

ከወጥ ቤቱ ደጃፍ፣ ፀሐይ ቀድማ ከምታርፍበት ግድግዳ ሥር፣ አማቷ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሻያቸውን ይጠጣሉ። ቤተሰቡም ጎረቤቱም አባባ ይላቸዋል። አርባ ዓመት ከብት አርብተዋል። ከሃያ ወር በፊት ከድርቆሽ ክምር ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር፣ በረቱን ለምራታቸው አስረከቡ፤ ልጃቸው የወተት መኪና ሾፌር ስለሆነ ቀን ቀን ቤት የለም። ያስረከቡት ሦስት ነገር ነበር፤ ደብተሩን፣ የጊደሮቹን ደረት ዙሪያ የሚለኩበትን የጨርቅ ሜትር፣ ደረቱ ይህን ያህል ሳንቲሜትር ከሆነ ክብደቱ ያን ያህል ኪሎ ነው የሚለውን፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ። ካስረከቡ በኋላ ደብተሩን አንድ ቀን ገልጠው አያውቁም። «ያስረከቡትን ዕቃ መፈተሽ ነውር ነው» ይላሉ።

«አባባ፣ እጄ ሳሙና ነው። እስኪ ደብተሩን ገለጥ ያድርጉና የጠጠርን ቀን ይዩልኝ።»

«እኔ? ደብተርሽን?» አባባ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?»

«ይግለጡት፣ አይናከስም።»

አባባ መነጽራቸውን አደረጉ። አውራ ጣታቸውን በምላሳቸው እያራሱ ገጾቹን አገላበጡ። ጽሑፏ እንደ ተልባ የተበተነ ሳይሆን እንደ ጥርስ የተደረደረ ነበር፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የጊደሯ ስም፣ የወሩ ልኬት፣ የመኖው መጠን።

«ጠጠር... ጠጠር... ይኸው። ሊሞላት ስድስት ቀን ነው የቀራት። ቀደም ብላለች፣ ግድ የለም።» ጣታቸው ወደ ታች ወረደና ቆመ። «መቶ ሰባ ስድስት?»

«ምኑ?»

«ደረቷ። ባለፈው ሳምንት የለካሽው። መቶ ሰባ ስድስት ይላል።»

«አዎ።»

«ጠጠር?»

«አዎ አባባ፣ ጠጠር። አደገችልዎት!» አለች፤ ኩራቷን መደበቅ አልቻለችም።

ሽማግሌው በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ወደ በረቱ ተመለከቱ። ከዚያ ወደ ደብተሩ። ከዚያ እንደገና ወደ በረቱ።

«ይኼ ሜትሩ ያለው ነው ወይስ አሥሩን ከቀነስሽ በኋላ?»

«የምን አሥር?»

ፈገግታዋ ገና ከፊቷ አልጠፋም ነበር። የሚቀልዱ መስሏታል፤ መቀለድ ይወዳሉ።

«አሥር ነዋ። ሜትሩ አሥር ይጨምራል። ቀበጥ በልታው።»

«ማን በልታው?»

«ቀበጥ። አንቺ አታውቂያትም፣ ከመምጣትሽ በፊት የነበረች ጊደር ናት። ሰባት ዓመት ይሆነዋል። ጓደኛዋን ስለካ ጫፉን ጎርሳ እንደ ገለባ አመነዠከችው። የታኘከውን ቆርጬ ጣልኩና የጫፉን ቀለበት አሥር ላይ መልሼ ሰፋሁት። እንዳይተረተርም ቆዳ አለበስኩት። ደህና ሜትር ነው፣ ለምን ይጣላል? የሚለውን ሰምቶ አሥር መቀነስ ነው።»

«አልነገሩኝም።»

«ይኼ ደግሞ ይነገራል?» አሉ። ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ግን ራሳቸውም ሰሙት። ጣታቸው ደብተሩ ላይ እንዳለ ቀረ።

«አባባ፣ አልነገሩኝም።»

ቢዶኑ ከእጇ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ፤ ድምፁ ግቢውን ዞሮ ተመለሰ፤ ማንም አላነሳውም። ሳሙናው ከክንዷ ላይ እየፈረጠ ሲንጠባጠብ፣ ጆሮዋ ውስጥ የምትሰማው እሱን ብቻ ነበር።

ሜትሩ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ በሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። አወረደችው። ቀለበቱ የተሰፋበትን ቆዳ ሺህ ጊዜ ጨብጣዋለች፤ ለስልሶ፣ ጠቁሮ፣ የእጅ ቅርጽ ይዟል። ከሥሩ ምን እንዳለ ጠይቃ አታውቅም፤ የበር እጀታ ከውስጡ ምን እንዳለው የሚጠይቅ ማን አለ? ከመስኮቱ ደፍ ላይ ምላጭ አንሥታ ክሩን በጠሰችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስፌት። ቆዳው እንደ ቁስል ቅርፊት ተነሣ።

ከሥሩ፣ ቀለሙ ሳይደበዝዝ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ተጽፎ ነበር። አሥራ አንድ።

ሃያ ወር። በየወሩ መጀመሪያ ዘጠኝ ጊደር። ያን ሁሉ ቁጥር በሰማያዊ ቀለም፣ በመስመሩ ላይ ቀጥ አድርጋ ጽፋዋለች፤ ሁሉም ውሸት ነው። ውሸቱ ደግሞ የተዝረከረከ ቢሆን ኖሮ ይያዝ ነበር፤ በየገጹ እኩል አሥር፣ በየወሩ እኩል አሥር ስለሆነ እንደ እውነት አማረበት።

የመጀመሪያው ወር ትዝ አላት። ሜትሩን በተረከበች በወሩ ለካች፤ ጊደሮቹ አባባ በመጨረሻ ከጻፉት በአሥራ ስምንት ሳንቲሜትር በልጠው ተገኙ። በአባባ ጊዜ በወር ስምንት ነበር የሚጨምሩት። ያን ዕለት እራት ላይ ደብተሩን እንደ ጽዋ ከፍ አድርጋ «በእኔ እጅ እጥፍ አደጉ!» ብላ አወጀች። ባሏ አጨበጨበላት። አባባ ዳቦ እየቆረሱ ነበር፤ አንገታቸውን ደፉ፤ ምንም አላሉም።

ከዚያ ለሦስት ቀን ሥልጠና ሄደች። ያልደረሰች ጊደር ያለ ልክ ከወፈረች ግቷ ውስጥ ወተት የሚሠራው ሥጋ በሚያድግበት ቦታ ስብ ይሞላል፤ ስብ ደግሞ አይታለብም ብለው አስተማሩ። እውነት ነው። ተመልሳ ደብተሩን ገለጠች፤ ጊደሮቹ ከዕድሜያቸው ቀድመው ተገኙ። ደነገጠች። የሚያወፍረውን መኖ፣ ፉርሽካውንና ፋጉሎውን፣ በግማሽ ቀነሰች። ሕጉ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ቁጥሩ ብቻ ነበር።

አባባ ከወንበራቸው «ልጄ፣ የእነዚህ ነገር አላማረኝም። ጎናቸው ይቆጠራል» ማለት ጀመሩ። «ሰንጠረዡን ይዩ አባባ። ወዛም ናቸው» ትላቸዋለች። «ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል» ሲሉ፣ «ዓይን ይሳሳታል፣ ሜትር አይሳሳትም» ትላቸዋለች። ሁልጊዜ ታሸንፍ ነበር።

ጠጠር ለመዳቀል በደረሰች ጊዜ ባለሞተሩ ጓንቱን አጥልቆ ቆም አለ። «ወይዘሮ ደብተር፣ ይቺ ልጅ አይደለችም እንዴ?»

«መቶ ሃምሳ ሰባት። ሦስት መቶ ሠላሳ ኪሎ። አንብብ።»

አነበበ። ትከሻውን ሰበቀ። «እንግዲህ ተጽፏል። እንዲህ ትልቅ ከሆነችማ ዘሩንም ከትልቅ ኮርማ እንምረጥላት» አለና ከማቀዝቀዣው ገንዳ ከሁሉ የገዘፈውን ኮርማ ዘር መረጠ። መቶ ሃምሳ ሰባት ሲቀነስ አሥር፣ መቶ አርባ ሰባት ነው። በሰንጠረዡ ላይ ሁለት መቶ ሰባ ኪሎ። ልጅን ነው የዳሩት።

ሜትሩን ወርውራ ወደ በረቱ ሮጠች።

ለሃያ ወር በየዕለቱ አይታት ነበር፤ ዛሬ ገና አየቻት። ትከሻዋ ከጎረቤት ላሞች ሆድ ከፍ አይልም። የዳሌዋ አጥንቶች ተቀራርበው እንደ ሁለት ጉልበቶች ወጥተዋል። በቀጫጭን እግሮቿ ላይ የተሸከመችው ሆድ የራሷ አይመስልም፤ የተዋሰችው ይመስላል። «ጠጠር» ያሏት ስትወለድ ትንሽና ጠንካራ ስለነበረች ነው። ጠጠር ደግሞ ዓለት አይሆንም፤ ይህን ለማወቅ ደብተር ያስፈልግ ነበር?

ከጅራቷ ሥር ሁለት ሰኮና ብቅ ብሏል። ነጭ፣ ሰፊ፣ ጥቅጥቅ ያለ። ሰኮናው ከጠጠር ሰኮና ብዙም አያንስም። ስታምጥ በአንድ ጣት ይወጣል፤ ስትተነፍስ በአንድ ጣት ይመለሳል።

ሐኪሟ በስልክ ተጠርታ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደረሰች። ጥቂት የምትናገር፣ እጅጌዋን ሳትሰበስብ ሰላምታ የማትሰጥ ሴት ናት። ረጅሙን ጓንት እስከ ትከሻዋ አጠለቀች፤ እጇን አስገብታ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። አባባም በምርኩዛቸው እየተንፏቀቁ በረቱ ድረስ መጥተዋል። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ወደ በረቱ የሚወስደውን ቁልቁለት ወርደው አያውቁም።

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የምታምጠው?»

«ከንጋት፣ ዶክተር።»

«ከንጋት? አሁን እኮ አራት ሰዓት ነው። እስካሁን ምን ስትጠብቂ ነበር?»

«ትልቅ ናት ብዬ።»

ሐኪሟ ዓይኗን ገለጠች። ጠጠርን ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ አየቻት። ከዚያ ሴቲቱን አየቻት።

«ይቺ?»

ይህ አንድ ቃል ወይዘሮ ደብተርን ከአባባ «አሥር» በላይ ዘልቆ ወጋት።

«ጥጃው ግዙፍ ነው፤ መውጫው ጠባብ ነው» አለች ሐኪሟ። «በገመድ ስቤ ላወጣው እሞክራለሁ፤ ግን ከዳሌዋ ላይ ተቀርቅሮ ነርቯን ከጨፈለቀው ዳግመኛ አትነሣም። ያለበለዚያ ጎኗን ከፍቼ ላውጣው። እሱም አደጋ አለው። ጥጃውን ቃል አልገባልሽም፤ እሷንም ገና አላውቅም። ወስኚ።»

«ይከፈት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በእግሯ የምትቆምበትን ነው የምፈልገው። ይከፈት።»

ሐኪሟ ሳጥኗን ከፈተች። የጠጠርን ግራ ጎን ላጨች፤ ቆዳው ጸጉሩን ሲያጣ አጥንቶቿ ይበልጥ ወጡ። በአዮዲን ሦስት ጊዜ አጠበችው። ከዚያ ስሪንጅ አንሥታ ጠርሙሱን ገልብጣ ያዘች።

«የማረጋጊያው መርፌ በኪሎዋ ነው የሚለካው። ካበዛሁት ትወድቅብኛለች፤ ከወደቀች አለቀ። ካሳነስኩት ትራገጣለች። ስንት ኪሎ ናት?»

ሁለቱም ወደ ወይዘሮ ደብተር ዞሩ።

አፏን ከፈተች። አራት መቶ ሃምሳ የሚለው ቁጥር ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሃያ ወር እንዲህ ስትጠየቅ እንዲህ ስትመልስ ኖራለች። ዘጋችው። መቶ ሰባ ስድስት ሲቀነስ አሥር። መቶ ሰባ ስድስት ሲቀነስ አሥር። የአንደኛ ክፍል ሂሳብ ነው። አልሆነላትም። ቁጥሮቹ ጭንቅላቷ ውስጥ እንደ በረገገ መንጋ ይሮጣሉ፤ አንዱም አይያዝም። ሰንጠረዡ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ነው፤ እሱንም ብታየው እንደምታምነው እርግጠኛ አይደለችም።

«እህቴ፣ ቶሎ በይ።»

«አባባ» አለች። «ስንት ናት?»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ወደ ጠጠር ተጠጉ። እጃቸውን ከፊት እግሯ ጀርባ በደረቷ ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ ወገቧ ላይ፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው እንደገና አዩዋት። የሚያጉተመትሙት ቁጥር ነበር።

«ሦስት መቶ ሰማንያ። ከነሆዷ። ከዚያ አትበልጥም።»

«እርግጠኛ ነዎት?» አለች ሐኪሟ።

«ልጄ፣ አርባ ዓመት ነው ያየሁት» አሉ። «ያልኩትን የሚያምነኝ ያገኘሁት ግን ዛሬ ነው።»

ሐኪሟ ቀዳች። ወጋች። ጠጠር ራሷን ቀስ በቀስ አዘቀዘቀች፤ ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ፤ አልወደቀችም።

የተከተለውን ወይዘሮ ደብተር ኋላ ላይ ቆራርጣ ነው የምታስታውሰው። ሐኪሟ በማደንዘዣው ዙሪያውን ከወጋች በኋላ ምላጩ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ፣ ቆዳው ድምፅ ሳያወጣ እንደ በር ተከፈለ። አባባ የጠጠርን አንገት አቅፈው ጆሮዋ ውስጥ የሚሉት ነገር ነበር። «ያዢው! በሁለት እጅሽ!» የሚለው የሐኪሟ ትእዛዝ። እጇ ውስጥ የገባው የማኅፀን ጠርዝ ሞቃት፣ አንሸራታች፣ ከባድ ነበር፤ እንዳይሾልካት ጥፍሯን ሳትተክል ልትይዘው ታገለች። ጥርሷን ነክሳ ነበር፤ መንጋጋዋ ለሁለት ቀን አሟታል።

ጥጃው በኋላ እግሮቹ ተጎትቶ ወጣ። ወጣ፣ ወጣ፣ አላልቅ አለ። ከእናቱ ሆድ ሳይሆን ከሌላ በረት የመጣ ይመስል ነበር። ወንድ ነው። ድርቆሹ ላይ ሲያርፍ መሬቱ ተንቀጠቀጠ።

ወይዘሮ ደብተር አፍንጫውን ጠረገች። እንዲያስነጥስ ገለባ አስገባች። ደረቱን ፈተገች፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጆሮው ላይ አፈሰሰች። «ተነስ እንጂ! ተነስ እንጂ አንተ!» ምላሱ አብጦ፣ ሰማያዊ ሆኖ በጎን ወጥቷል። አልተነሣም።

«ተይው» አለች ሐኪሟ፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል። «ከሁለት ሰዓት በፊት ቢሆን ኖሮ...» አልጨረሰችውም። መጨረስም አላስፈለጋትም። ከሁለት ሰዓት በፊት ቢዶን እየታጠበ ነበር።

ሐኪሟ ማኅፀኑን፣ ሥጋውን፣ ቆዳውን በተራ ሰፋች። የመጨረሻውን ክር ቆረጠች። ጠጠር ራሷን አነሣች። አንድ እግር ወደፊት፣ ሌላው እግር ተከተለ። ግርግሙ ጋ ደርሳ አፍንጫዋን ድርቆሹ ላይ አሳረፈች። አልበላችም። ግን ቆመች።

«ትኖር ይሆን?» አለች ወይዘሮ ደብተር።

«ዛሬ ማታ ውሃ ከጠጣች ትኖራለች» አለች ሐኪሟ ጓንቷን እየገፈፈች። «ሌሎች እርጉዞች አሉሽ?»

«አምስት። ሊወልዱ አራት ወር ቀርቷቸዋል።»

«እንግዲያው ሦስት ወር አላችሁ። አጥንትና ሥጋ የሚሆን መኖ ስጧቸው፤ ፋጉሎ፣ አልፋልፋ፣ ደህና ድርቆሽ። የመጨረሻውን ወር ግን አታወፍሯቸው፤ ስቡ መውጫውን ያጠበዋል፣ ጥጃውንም ያገዝፈዋል። ለመጠገን ብላችሁ ሌላ ጥፋት እንዳትጨምሩ።» ከሳጥኗ አዲስ የጨርቅ ሜትር አውጥታ በሴቲቱ ትከሻ ላይ ጣለችው። «ይኼ ሙሉ ነው። አይቼዋለሁ።»

ጠጠር ፀሐይ ሳትጠልቅ ግማሽ ባልዲ ውሃ ጠጣች።

አባባ ሲመሽ ወደ ቤት አልወጡም። ቁልቁለቱን የወረዱበት ዳሌ አቀበቱን እንቢ ስላለ፣ ወንበራቸው ወደ በረቱ ወረደላቸው። ወይዘሮ ደብተር ከጎናቸው ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። ደብተሩ ጉልበቷ ላይ ነው፤ አልገለጠችውም።

«ለምን ዝም አሉ?» አለች በመጨረሻ። «እጥፍ አደጉ ያልኩ ዕለት። ጥጃ በአንድ ወር አሥራ ስምንት ሳንቲሜትር አያድግም፤ ከማንም በላይ ያውቁት ነበር። ለምን ዝም አሉኝ?»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ቀናሁ» አሉ።

ወደ እሳቸው ዞረች።

«ቀናሁ፣ ልጄ። አርባ ዓመት ስምንት፣ ስምንት ስል ኖሬ፣ ምራቴ ትናንት በረት ገባችና አሥራ ስምንት አለች። ልጄ አጨበጨበ። ምናልባት ሞኝ ነበርኩ አልኩ። ምናልባት ማሳደግ እንዲህ ነው አልኩ። ያን ጊዜ ደብተሩን አምጪው ብል፣ ሽማግሌው ዓይኑ ቀላ ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ። ዝም አይነቅዝም አልኩና ዝም አልኩ።»

«ነቀዘ፣ አባባ።»

«ነቀዘ።»

ልትቆጣቸው ፈለገች። ቁጣው ግን ከመንገድ ተመለሰባት፤ እሷስ ያን ዕለት የማይሆን ቁጥር ስታይ ሜትሩን ከመጠርጠር ይልቅ ራሷን ማድነቅ አልቀለላትም? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እሷ ግን የተመነጠረችው በጭብጨባ መሃል ነው።

«ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እስቅ ነበር» አለች። «የእኔ በደብተር ነበረች።»

አባባ ሊስቁ ሞከሩ። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ዓይናቸውን ጠረጉ። እሷም አላየሁም ለማለት ያህል የጠጠርን ባልዲ ልትሞላ ተነሣች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አምስቱን እርጉዝ ጊደሮች አንድ በአንድ ወደ መለኪያው አጥር አስገቡ። አዲሱ ሜትር በእጇ ነው። የመጀመሪያዋ ቡሬ ናት። ልታዞርባት ጎንበስ ስትል ቀና አለችና ሜትሩን ጠቅልላ ጨበጠችው።

«አባባ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይበሉ።»

«ምን ልበል?»

«ዓይንዎ ያለውን።»

ወንበራቸው ላይ ሆነው ቡሬን አዩ። «እስቲ አዙሪልኝ... መቶ ሃምሳ ሦስት።»

ወይዘሮ ደብተር ሜትሩን በደረቷ አዞረች። መቶ ሃምሳ ሁለት። ደብተሩን ከፈተች፤ በአዲሱ ገጽ ላይ ሁለት ዓምድ አሰመረች፤ ከአንዱ ላይ «ዓይን»፣ ከሌላው ላይ «ሜትር» ብላ ጻፈች። ሁለቱ ተራርቀው በተገኙበት ቀን፣ ያቺ ጊደር ከበረቱ አትወጣም፣ አትዳቀልም፣ መኖዋም አይነካም፤ የተሳሳተው እስኪታወቅ ድረስ። ይህን ጮክ ብላ ተናገረችው፤ ይነገራል ወይ የሚባል ነገር ከእንግዲህ በዚህ በረት የለም።

«ሁለተኛዋን አምጪ» አሉ አባባ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ቆይ፣ ያንን አሮጌውን ስጪኝ።»

«የቱን?»

«ቀበጥ የበላችውን። እስክሪብቶሽንም።»

«አይጣልም? ማን ሊለካበት ነው?»

«ማንም። ስጪኝ።»

አመጣችላቸው። ቆዳው በአንድ በኩል ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። ሽማግሌው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ቆዳው ላይ እስክሪብቶው እየተንሸራተተ ስላስቸገራቸው እያንዳንዱን ፊደል ሁለት ሁለት ጊዜ ሄዱበት። ጠጠር ከስፌቷ ጋር ቀስ ብላ ከአጥሩ ወዲያ መጥታ፣ ራሷን በእንጨቶቹ መሃል አሾልካ፣ ትንፋሿን በእጃቸው ላይ ለቀቀችው። አልከለከሏትም፤ ጫፉን ግን ከአፏ አራቁት።

ጨርሰው ለምራታቸው አቀበሉ። ወይዘሮ ደብተር አነበበችው። ሁለት ቃል ነው፤ ለመጻፍ የወሰደው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

አሥር ቀንሱ።

ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ በሁለት እጇ እንደያዘችው ቆመች።